ሳያመን የምንጠብቀው ኩላሊት

«ኩላሊቴን አመመኝ» ብሎ የማያውቅ ሰው በመካከላችን ጥቂት ነው። ወገቡን ቀስፎ የያዘው፣ ዕቃ ሲያነሳ ጎኑን የወጋው፣ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ ተቀምጦ ውሎ ቀና ማለት ያቃተው ሁሉ ሕመሙን በኩላሊት ያላክካል። መፍትሔውንም ሩቅ ሄዶ አይፈልግም። አንዱ ወደ አቅራቢያው መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ ዳይክሎፌናክ ይገዛል። ሌላው ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ «ኩላሊት ያጥባል» የተባለለትን ቢራ ይጠጣል።

እውነታው ግን ሌላ ነው። አብዛኛው የወገብ ሕመም የጡንቻ፣ የመገጣጠሚያና የአከርካሪ ጣጣ ነው። የኩላሊት ጠጠርና ኢንፌክሽን በእርግጥ ያማሉ፤ ያውም ክፉኛ። ቀስ በቀስ የሚመጣው የኩላሊት ድካም ግን ለዓመታት ምንም ሳያሳምም ሊቆይ ይችላል። በዚህ ምክንያት ኩላሊቱ ደህና የሆነው ሰው «ላክመው» ብሎ በሚውጠው ኪኒን ኩላሊቱን ይጎዳል። ኩላሊቱ እየደከመ ያለው ሰው ደግሞ «ምንም አላመመኝም» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጽሑፍ ዋና መልእክት አንድ ነው። ኩላሊት ሲያመን የምናስታውሰው ሳይሆን ሳያመን የምንጠብቀው አካል ነው። ጥበቃው ውድ መድኃኒት አይጠይቅም፤ በየቀኑ በምንጠጣው፣ በምንበላውና በምንውጠው ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። ምክሩ ደግሞ እንደየአካባቢው መሰጠት አለበት። በብርዳማው ደብረ ብርሃን ለሚኖር ሰው የሚነገረው ምክር በአዳማ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በመቂ ወይም በባቱ ለሚኖር ሰው እንዳለ አይሠራም። በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ሥራው ሌላ ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃውም ሌላ ነው።

በቅድሚያ የኩላሊትን ሥራ እንመልከት። ሁለቱ ኩላሊቶቻችን እያንዳንዳቸው የጭብጥ መጠን ቢኖራቸው ነው። በእያንዳንዱ ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። በአንድ ቀን ወደ 180 ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ አብዛኛውን መልሰው ለሰውነት ይሰጡና ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር የሚሆነውን በሽንት መልክ ያስወግዳሉ። የደም ግፊትን ይቆጣጠራሉ፤ ደም እንዲመረት ትእዛዝ ያስተላልፋሉ፤ አጥንት እንዲጠነክር ያግዛሉ። እንግዲህ ኩላሊት የሚያጥብ እንጂ በቢራ የሚታጠብ አካል አይደለም። ቢራ ሽንት ያበዛል እንጂ ኩላሊት አያጸዳም። እንዲያውም አልኮል ሰውነት የያዘውን ውሃ ስለሚያስወጣ፣ በሙቀት ሲጥር ለዋለ ሰው ከጥማት ላይ ጥማት ይጨምርበታል።

የኩላሊት ትልቁ ቻይነቱ ትልቁ አደጋውም ነው። ከግማሽ በላይ አቅሙን እስኪያጣ ድረስ ባለቤቱ ምንም ላይሰማው ይችላል። እግር ማበጥ፣ የፊት ማበጥ፣ ማቅለሽለሽ፣ የትንፋሽ ማጠርና ብርቱ ድካም በአብዛኛው የሚመጡት ጉዳዩ ከረፈደ በኋላ ነው። ያኔ የሚቀረው ምርጫ ሁለት ነው፤ የኩላሊት እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ። እጥበት በተለምዶ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜም አራት ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር ተያይዞ መቆየትን ይጠይቃል። የንቅለ ተከላ ሕክምና በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2008 ዓ.ም መጀመሩ ትልቅ እመርታ ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ ለመብቃት ፈቃደኛና ተስማሚ ለጋሽ ዘመድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ከዚያም በኋላ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት አለ። በየከተማው በመኪና ላይ ፎቶግራፋቸው ተለጥፎ፣ በድምፅ ማጉያ «ወገን ድረሱልኝ» የሚባልላቸውን ወጣቶች ያላየ የለም። ብዙዎቹ በዕድሜያቸው ሠርተው የሚበሉበት ወቅት ላይ ያሉ ናቸው። ቤታቸው ተሸጦ፣ ጥሪታቸው ተሟጦ ነው አደባባይ የሚወጡት።

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው የጤና መፈክር ለኩላሊት የተባለ ይመስላል። ጥንቃቄው ከውሃ ይጀምራል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 700 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ሞቃታማ ከተማ ናት። ወደ መተሐራ ሲወርዱ ከፍታው ከ1 ሺህ ሜትር በታች ይሆንና ሙቀቱ ይበረታል። በእንዲህ ዓይነቱ አየር ላብ ብዙ ውሃ ይወስዳል። ሰውነት ውሃ ሲያንሰው ሽንት ይወፍራል፤ በሽንት ውስጥ ያሉ ጨዎች ተጣብቀው ጠጠር ለመሥራት ይመቻቸዋል፤ ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደምም ይቀንሳል። ስለዚህ ጥማት እስኪያስገድድዎ አይጠብቁ። በሙቀት አካባቢ የሚኖር ጤነኛ ጎልማሳ በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ውሃ ቢጠጣ መልካም ነው፤ በፀሐይ ላይ የሚሠራ ሰው ከዚህም በላይ ያስፈልገዋል። ቀላሉ መለኪያ ሽንትዎ ነው። ፈዘዝ ያለ የገለባ መልክ ካለው ደህና ነው፤ ደመቅ ብሎ ወደ ሻይ መልክ ከተጠጋ ውሃ አንሶዎታል ማለት ነው። ኩላሊቱ ወይም ልቡ አስቀድሞ የደከመ ሰው ግን የሚጠጣውን መጠን ሐኪሙ ይወስንለት፤ ለእርሱ ውሃ ማብዛትም ይጎዳል።

ውሃ መጠጣት ቀላል ምክር ይመስላል፤ ለሁሉም ግን ቀላል አይደለም። በመናኸሪያና በገበያ ውለው የሚገቡ እናቶችና እህቶች ብዙ ጊዜ ውሃ የማይጠጡት ስላልጠማቸው አይደለም፤ መጸዳጃ ቤት ስለሌለ ነው። ከአዳማ ወደ ጅቡቲ መስመር የሚነዱ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች «መንገድ ላይ ላለመቆም» ብለው ውሃ ይቀንሳሉ፤ ሽንታቸውንም ለሰዓታት ይይዛሉ። ሽንትን ደጋግሞ መያዝ በተለይ ለሴቶች ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ ኢንፌክሽኑ ሳይታከም ሲቀር ወደ ኩላሊት ሊወጣ ይችላል። በእኔ እምነት በየመናኸሪያውና በየገበያው ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ማዘጋጀት የከተማ ጽዳት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። የኩላሊት ጤና ሥራም ነው።

በፀሐይ ላይ ስለሚሠሩ ወገኖች ስናነሳ ከሩቅ አገር የሚመጣ አንድ ትምህርት አለ። በመካከለኛው አሜሪካ፣ በኒካራጓና በኤል ሳልቫዶር፣ በሸንኮራ አገዳ ማሳ ላይ የሚሠሩ ብዙ ወጣቶች የስኳር ሕመምም ሆነ የደም ግፊት ሳይኖርባቸው ኩላሊታቸው ደክሞ ሕይወታቸው አልፏል። ተመራማሪዎች በዋናነት የጠረጠሩት በብርቱ ሙቀት ውስጥ ያለ በቂ ውሃና እረፍት መሥራትን ነው። መፍትሔ ብለው የያዙትም ሦስት ቃል ነው፤ ውሃ፣ ጥላ፣ እረፍት። እኛም በወንጂና በመተሐራ የአገዳ ማሳ፣ በባቱ የአበባ እርሻ፣ በሞጆ ደረቅ ወደብና በየግንባታው ቦታ በፀሐይ የሚውሉ ብዙ ሠራተኞች አሉን። አሠሪዎች የሚጠጣ ውሃ በቅርብ ቢያቀርቡ፣ ጥላ ቢያዘጋጁ፣ ከባዱን ሥራ ወደ ጠዋት ቢያደርጉት ለሠራተኛው የሚውሉት ውለታ አይደለም። ጤነኛ ሠራተኛ ለእነሱም ይጠቅማቸዋል። ሠራተኛውም ቢሆን ውሃውን በኮዳ ወይም በጠርሙስ ይዞ መውጣትን ልማድ ያድርገው።

በስምጥ ሸለቆ «ስንት ውሃ እንጠጣ?» ከሚለው እኩል መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ «የትኛውን ውሃ?» የሚል። በዚህ አካባቢ ያሉ ብዙ የከርሰ ምድር ውሃዎችና ፍል ውሃዎች ፍሎራይድ የተባለ ንጥረ ነገር በብዛት አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሊትር 1 ነጥብ 5 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ያሉ በርካታ ጉድጓዶች ከዚህ ያልፋሉ። የጥርስ መበለዝ የምንለው ቡናማ ቀለም የዚህ ምልክት ነው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ1987 ባሳተሙት ጥናት በስምጥ ሸለቆ ተወልደው ካደጉ ሕፃናት አብዛኞቹ ጥርሳቸው የበለዘ መሆኑን አሳይተዋል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህም የጉድጓድ ውሃ ለረጅም ዓመታት ሲጠጡ ከኖሩ ሠራተኞች መካከል አከርካሪያቸው እስኪጎብጥ ድረስ አጥንታቸው የተጎዳ ነበሩ።

ፍሎራይድ በዋናነት የሚጎዳው ጥርስንና አጥንትን ነው። ከኩላሊት ጋር የሚያገናኘው ምን መሰለዎት? ፍሎራይድን ከሰውነት የሚያስወጣው በዋናነት ኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም ፍሎራይዱ በሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ በአካባቢያችን ደካማ ኩላሊት ያለው ሰው ከሌላው ይልቅ የሚጠጣውን ውሃ መምረጥ አለበት። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ነገር አለ። ውሃ ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም የቀረው ይወፍራል። ክሎሪን መጨመርም ፍሎራይድን አይቀንስም። የሚሠራው ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ማጣሪያ፣ በንጽሕና የተጠራቀመ የጣሪያ ዝናብ ውሃ ወይም ፍሎራይዱ አነስተኛ መሆኑ የተረጋገጠ ምንጭ ነው። የአዳማ የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። ቧንቧው ሲቋረጥ በጋሪና በቦቴ የሚመጣውን ውሃ ሲገዙ ግን ከየት ጉድጓድ እንደተቀዳ ይጠይቁ። ለመጠጥና ለምግብ አንዱን፣ ለልብስና ለወለል ሌላውን መለየትም ይቻላል።

ከውሃ ቀጥሎ የሚመጣው የማስታገሻ ነገር ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመምን የሚያስታግሱበት መንገድ ወደ ኩላሊት የሚገባውን የደም ፍሰት ይቀንሳል። ሐኪም አዝዞ ለጥቂት ቀናት መውሰድ ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ችግር የለውም። በሙቀት ሲለፋ የዋለ፣ ላቡ የተሟጠጠና ውሃ ያልጠጣ ሰው ሲውጠው ግን አደጋው ይጨምራል። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ሲውጠውም እንዲሁ። በየቀኑ ጠዋት ከቁርስ ጋር አንድ፣ ማታ ከእራት ጋር አንድ እያሉ ለወራት መዋጥ ኩላሊትን በገዛ እጅ እንደማድከም ነው። በየክሊኒኩ «መርፌው ይሻለኛል» እያሉ ዳይክሎፌናክ መወጋትም ከዚህ አይለይም። ለቀላል ሕመም በመጠኑ የተወሰደ ፓራሲታሞል ለኩላሊት ይሻላል። ሕመሙ ከሳምንት በላይ ከቆየ ግን መፍትሔው ሌላ ኪኒን መለወጥ ሳይሆን መንስኤውን ማወቅ ነው። ይህ ምክር ምንነታቸውና መጠናቸው ያልታወቀ «የኩላሊት ማጽጃ» ተብለው በጠርሙስ ለሚሸጡ የሥር ውሃዎችም ይሠራል። ከተፈጥሮ መገኘቱ ብቻ አንድን ነገር ደህና አያደርገውም።

ኩላሊትን በዓለም ላይ በብዛት የሚጎዱት ሁለቱ በሽታዎች የስኳር ሕመምና የደም ግፊት ናቸው። ሁለቱም እንደ ኩላሊት ድካም ድምፅ አያሰሙም። ከደም ግፊት ጋር በቅርብ የተቆራኘው ጨው ነው። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ በ2015 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት አንድ ጎልማሳ በቀን በአማካይ 8 ነጥብ 3 ግራም ጨው እንደሚወስድ አመልክቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም ልክ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ይህ ለወጥ ብቻ የምንጨምረው አይደለም። ሽሮና በርበሬ ሲዘጋጁ የገባው፣ በዳቦው ያለው፣ በየመንገዱ የምንገዛው ድንች ጥብስ ላይ የሚነሰነሰው፣ አንዳንዱ ቤት ቡና ላይ የሚጨመረው ሁሉ አብሮ ይቆጠራል። ስለዚህ ጨዉን ከገበታ ላይ ያንሱት፤ ወጥ ሲሠራ ቀስ በቀስ ይቀንሱት። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምደዋል። የሚጠቀሙት ጨው ግን አዮዲን ያለው ይሁን።

ስኳርም እንዲሁ ነው። በሙቀት ጥምን ለመቁረጥ ከውሃ ይልቅ ለስላሳ መጠጥ ማዘዝ በከተሞቻችን ልማድ ሆኗል። ለስላሳ ለእንግዳና ለበዓል ቢሆን መልካም ነው፤ ለየዕለት ጥማት ግን የተፈጠረልን ውሃ ነው። ጫትም ሳይነሳ አይታለፍም። ጫት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ በምርቃና ተቀምጦ በስኳር መጠጥ ማወራረድ፣ ማታ ደግሞ በአልኮል ጨብሲ ማድረግ፣ ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ ማደር ለደም ግፊትና ለክብደት፣ በዚያም በኩል ለኩላሊት የሚመች ሕይወት አይደለም። ሲጋራም የደም ሥርን ያጠብባል፤ የኩላሊት ማጣሪያዎች ደግሞ ከጥቃቅን የደም ሥሮች የተሠሩ ናቸው። በአንጻሩ በሳምንት ብዙ ቀናት ፀሐይ ስትበርድ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ስኳርንም ግፊትንም ያወርዳል። ይህ ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም።

በጾም ወቅት ለሚጾሙ አንባቢያንም አንድ ቃል አለ። በረመዳን ከማፍጠሪያ እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ ውሃን በአንድ ትንፋሽ ሳይሆን ከፋፍሎ መጠጣት ይጠቅማል። በክርስትናው ጾምም እህል በማይቀመስበት ሰዓት የታጣውን ውሃ ጾሙ ሲፈታ መተካት ያስፈልጋል። የኩላሊት ሕመም እንዳለበት የተነገረው ሰው ከመጾሙ በፊት ሐኪሙንም የሃይማኖት አባቱንም ቢያማክር ጥሩ ነው። ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው የሚሰጡት ፈቃድ አላቸው።

በልጆች በኩልም የሚረሳ ነገር አለ። በወቅቱ ያልታከመ የቶንሲል ሕመምና የቆዳ ቁስል ከሳምንታት በኋላ ኩላሊትን ሊያስቆጣ ይችላል። የልጅዎ ፊት ጠዋት ጠዋት ካበጠ፣ ሽንቱ ቀንሶ የኮካ መልክ ከያዘ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ወባም ስላለ፣ ጽኑ ወባ ኩላሊትን በድንገት ሊያቆም እንደሚችል አውቆ አጎበር መጠቀምና ትኩሳት ሲኖር ቶሎ መመርመር ያስፈልጋል። ብርቱ ተቅማጥና ትውከት ሲያጋጥምም ኦ.አር.ኤስ በፍጥነት መጀመር ሕይወትንም ኩላሊትንም ያተርፋል።

ሕመሙ ድምፅ የማያሰማ ከሆነ በምን እናውቀዋለን? በምርመራ ነው። ዕድሜዎ ከ40 ካለፈ፣ የስኳር ሕመም ወይም የደም ግፊት ካለብዎ፣ ከቤተሰብዎ መካከል በኩላሊት የታመመ ሰው ካለ በዓመት አንድ ጊዜ ሦስት ነገር ያስመርምሩ። የመጀመሪያው የደም ግፊት ነው፤ ደጋግሞ ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምና ይጀምሩ። ሁለተኛው የደም ስኳር ነው። ሦስተኛው የሽንት ፕሮቲንና በደም ውስጥ ያለው ክሬቲኒን ነው። ክሬቲኒን ብቻውን ዘግይቶ ስለሚናገር የሽንቱ ምርመራ አይቅር። ግፊትዎን ለመለካት ሆስፒታል ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ በቅርብዎ ያለ ጤና ጣቢያ ይበቃል። የታዘዘልዎትን የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ደግሞ «ተሽሎኛል» ብለው አያቋርጡ። የተሻለዎት መድኃኒቱን ስለሚወስዱ ነው።

የዓለም የኩላሊት ቀን እ.ኤ.አ ከ2006 ጀምሮ በየዓመቱ በማርች ወር ሁለተኛው ሐሙስ፣ በእኛ አቆጣጠር በየካቲት ማብቂያና በመጋቢት መግቢያ አካባቢ ይከበራል። ወቅቱ በአዳማና በአካባቢዋ ፀሐይዋ የምትበረታበት ነው። ቀኑ የቀረበ ቢሆንም የራቀ ቢሆንም እርስዎ ግን ከዛሬ ጀምረው ማድረግ የሚችሉት አለ። ውሃ በጠርሙስ ይዘው ከቤት ይውጡ፤ የሚጠጡት ውሃ ከየት እንደሚቀዳ ይጠይቁ፤ በቦርሳዎ የያዙትን የማስታገሻ ኪኒን መልሰው ይቁጠሩ፤ በዚህ ሳምንት የደም ግፊትዎን ይለኩ። ወገብዎን ሲያምዎ ደግሞ ኩላሊትዎን ከመወንጀልዎ በፊት ሐኪም ይጠይቁ።